ከማራገፊያው ጀምሩ፦ የብትን ጭነት ተሳቢ ለምትነድፉ ወጣቶች

ውድ ወጣት መሐንዲሶች፣

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አሸዋ፣ ጠጠር፣ እህል፣ ሲሚንቶ፣ ከሰልና ይህን የመሰለ በጆንያ ያልታሰረ ጭነት የሚያጓጉዙ ተሳቢዎችን በመንደፍ ነው። ከዚህ ሥራ ይዛችሁልኝ እንድትሄዱ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ንድፋችሁን ከጭነቱ መውረጃ ጀምሩ። ብዙ ጀማሪ ነዳፊ መጀመሪያ ሻንሲውን (ሁሉን የሚሸከመውን የብረት አጽም)፣ ቀጥሎ ካሶኒውን (ጭነቱ የሚገባበትን ሣጥን)፣ ከዚያም ማንሻውን ይስላል፤ ጭነቱ እንዴት እንደሚወጣ የሚያስበው ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ነው። ተሳቢው ግን ዕድሜውን በመንገድ ላይ ቢጨርስም ከከባድ ፈተናዎቹ አንዱን የሚቀበለው ቆሞ በሚያራግፍባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ነው። እነዚያን ደቂቃዎች ያላገናዘበ ንድፍ ወረቀት ላይ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሜዳ ላይ ሹፌሩን አካፋ ይዞ ካሶኒው ውስጥ እንዲገባ ያስገድደዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጭነቱን ዕወቁት። አንድ ሜትር ኩብ ስንዴ ከ750 እስከ 800 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ደረቅ አሸዋ ወደ 1600 ይጠጋል፤ ውሃ የጠጣው አሸዋ 1900ን ሊያልፍ ይችላል፤ የተፈጨ እንጨት ደግሞ ከ300 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። ይህ ማለት 25 ቶን ስንዴ ከ30 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ሲፈልግ፣ ለ25 ቶን ደረቅ አሸዋ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል፤ ያንኑ ክብደት በተፈጨ እንጨት ለመሙላት ግን ከ80 ሜትር ኩብ በላይ ያስፈልጋል። ለስንዴ የተሠራ ካሶኒ አሸዋ ቤት ሲደርስ ጫኙ እስከ አፉ ይሞላዋል፤ ያኔ 48 ቶን አሸዋ ለ25 ቶን በታሰበ አክስል ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። ሹፌሩንና ጫኙን ከመውቀሳችሁ በፊት አስቡበት፤ የካሶኒው ቁመት ራሱ «እስከዚህ ሙላ» የሚል ትእዛዝ ነው። ደንበኛችሁ «ሁሉንም ነገር የሚጭን» ተሳቢ ሲጠይቃችሁ አብዝቶ የሚጭነውን ጠይቁት፤ ካሶኒውንም በዚያ ልክ አድርጉለት፤ ለቀላሉ ጭነት የሚጨመር ተነቃይ ስፖንዳ፣ ማለትም የካሶኒውን ጎን ከፍ የሚያደርግ ግድግዳ፣ ማበጀት ይቻላል።

ከክብደቱ በላይ ደግሞ ጠባዩ አለ። ደረቅ አሸዋ መሬት ላይ ሲከመር ጎኑ ከአግድሙ 34 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መንሸራተት ይጀምራል፤ ስንዴ ከ30 ዲግሪ በታች ይንሸራተታል። ካሶኒው ከ45 እስከ 50 ዲግሪ የሚነሳ ከሆነ ታዲያ ምን ያሳስባል የሚል ሰው አይጠፋም። የሚያሳስበው ነገር የክምሩ ተዳፋት የሚነግረን ጭነቱ በራሱ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ብቻ መሆኑ ነው፤ በላሜራው ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ሌላ ጥያቄ ነው። ለዚህ ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልጋችሁም። ካሶኒው ከሚሠራበት ላሜራ አንድ ቁራጭ ውሰዱ፤ ትክክለኛውን ጭነት ከነእርጥበቱ አፍስሱበት፤ ከላይ ክብደት ጭናችሁ ጠቅጥቁትና አሳድሩት፤ በማግስቱ ክብደቱን አንሥታችሁ አንዱን ጫፍ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉት። ደረቁ ጠጠር በትንሽ ተዳፋት ተንከባልሎ ያልቃል። ሸክላ ያለበት እርጥብ አሸዋ ግን መጀመሪያ ላይ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም፤ ቀጥሎ ከላይ ያለው ክፍል ስንጥቅ ያወጣና በአንድ ጊዜ ተገምሶ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ንብርብር ላሜራው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሙከራውን በአዲስ ላሜራም፣ በተዛገ ላሜራም አድርጉት። አዘውትሮ የሚሠራ ካሶኒን ጭነቱ ራሱ ይወለውለዋል፤ ዝናብ ላይ ለሳምንታት ቆሞ የዛገው ግን ጭነቱን ጨብጦ ይይዛል፤ ልዩነቱ በርካታ ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ያችን ተለጥፋ የቀረች ንብርብር አትርሷት፤ ወደ እሷ እንመለሳለን።

ጭነቱን በሥር በኩል በፈነል (ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድ ማፍሰሻ) የሚለቅ ተሳቢ ለምትነድፉ ደግሞ ሁለት ሰዎች የሠሩትን እንድታጠኑ እመክራለሁ። ጃንሰን የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1895 በጎተራ ውስጥ ያለ እህል ክብደቱን ሁሉ ወደ ወለሉ እንደማይጥል፣ ከፊሉን ከግድግዳው ጋር ባለው ሰበቃ አማካኝነት ወደ ግድግዳው እንደሚያስተላልፍ በስሌት አሳይቷል። አንድሩ ጄኒኬ ደግሞ በ1960ዎቹ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ ብትን ነገር ፈነል ውስጥ ለምን ቅስት ሠርቶ እንደሚቆምና ቀዳዳው ምን ያህል ሲሰፋ ቅስቱ ራሱን መሸከም እንደሚያቅተው የሚሰላበትን መንገድ አበጀ። ቁም ነገሩ ይህ ነው፤ የፈነሉ ግድግዳ በቂ ተዳፋትና ልስላሴ ካለው ጭነቱ ሁሉ አንድ ላይ ይወርዳል፤ ከሌለው መካከሉ ብቻ እንደ ጉድጓድ ተቦርቡሮ ይወጣና ዙሪያው ቆሞ ይቀራል። ጭነቱ አልወርድ ሲል ብዙዎች ነዛሪ ሞተር ይገጥማሉ። በሩ ተከፍቶ ሳለ ሊረዳ ይችላል፤ በሩ ተዘግቶ ከተነዘረ ግን ጭነቱን ይበልጥ ጠቅጥቆ ችግሩን ያባብሰዋል። ተዳፋቱንና ቀዳዳውን አስተካክሎ መንደፍ ከማንኛውም ነዛሪ ይሻላል።

የማራገፊያ ዘዴ ስትመርጡ «ገልባጭ» ብቻውን መልስ አይደለም። ማራገፊያው ቦታ ጣሪያው ዝቅተኛ ከሆነ፣ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ወይም ጭነቱ ቀላልና ብዙ ቦታ የሚይዝ ከሆነ ተንቀሳቃሽ ወለል ያለውን ተሳቢ አስቡ። አሠራሩን በቅርበት ማየት ለማንኛውም ነዳፊ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። ወለሉ በርዝመቱ የተዘረጉ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ነው፤ ሰሌዳዎቹ በሦስት ቡድን ተከፍለዋል። ሦስቱም ቡድኖች አንድ ላይ ወደ ኋላ ሲንቀሳቀሱ ጭነቱን ይዘውት ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ግን ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ቡድን ከጭነቱ ሥር ተንሸራትቶ ወደ ፊት ሲመለስ የቀሩት ሁለቱ ጭነቱን በሰበቃ ይዘው ያቆዩታል። ካሶኒው ሳይነሳ፣ የክብደት ማዕከሉም ከፍ ሳይል ጭነቱ ይወጣል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ይዘገያል፤ ደቃቅና ሻካራ ጭነት የሰሌዳዎቹን ማሸጊያ ይበላዋል። ለሲሚንቶ ደግሞ አየር የሚነፋበት ታንክ የታወቀ ነው፤ አየር ሲገባበት ዱቄቱ እንደ ፈሳሽ ይሆንና ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር በማይበልጥ ግፊት በቱቦ ይወጣል። መንገድ ላይ በስሱ እየዘረጉ ለሚሄዱት ጠጠር የሥር በር ይስማማል።

ያም ሆኖ አብዛኞቻችሁ የምትነድፉት ወደ ኋላ የሚገለብጠውን ነውና በእሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ። 9 ሜትር ርዝመት ያለው ካሶኒ በ45 ዲግሪ ሲነሳ የፊት ጫፉ ከኋላ ማጠፊያው (ካሶኒው ሲነሳ ከሚዞርበት መጋጠሚያ) ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ጭነቱ በወጉ ከወረደ አያሰጋም፤ ካሶኒው እየተነሳ ሳለ ክብደቱ እየቀነሰ ይሄዳልና። ያ ንብርብር ፊት ላይ ተለጥፎ ከቀረ ግን፣ ወይም ጭነቱ ከአንዱ ጎን ወርዶ በሌላው ጎን ከተጣበቀ፣ ክብደቱ ከመሬት 5 ሜትር ከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። አሁን መሬቱ ወደ ጎን 5 ዲግሪ ያዘነበለ ነው እንበል። 5 ሜትርን በ5 ዲግሪ ታንጀንት ስታባዙ የክብደቱ ማዕከል ወደ ጎን 44 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደተዛወረ ታገኛላችሁ። ከተሳቢው መካከል እስከ ጎማው መካከል ያለው ርቀት 1 ሜትር አካባቢ ነው፤ ግማሽ ሊሆን ምንም ያልቀረው ርቀት በመሬቱ ተዳፋት ብቻ ተበላ። ታሪኩ ግን እዚህ አያበቃም። ዝቅ ባለው ጎን ያሉት ጎማዎችና ባሌስትራዎች (ክብደቱን የሚሸከሙት ተጣጣፊ ብረቶች) በተጨመረባቸው ክብደት ይረግባሉ፤ ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ የማጠፊያው ፒን ክፍተት ካለው ካሶኒው ያንኑ ያህል ይጋደላል፤ እያንዳንዱ መጋደል ክብደቱን ይበልጥ ወደ ጎን ይወስዳል፤ የተወሰደው ክብደትም ሌላ መጋደል ይወልዳል። ተሳቢው ሊወድቅ ሲል ለሹፌሩ የሚሰጠው ጊዜ አጭር የሆነው ስለዚህ ነው።

ነዳፊው በእጁ ያለውን ሁሉ እዚህ ላይ ማዋል አለበት። ሁለቱን ማጠፊያዎች በተቻለ መጠን አራርቁ፤ በመካከላቸው ጥምዘዛን የሚቋቋም ጠንካራ ተሻጋሪ ብረት አግቡ። ማጠፊያው ከመጨረሻው አክስል ብዙ ወደ ኋላ እንዳይርቅ ተጠንቀቁ፤ ከራቀ ጭነቱ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ የተሳቢውን ፊት ያነሳዋል፤ ጎታቹም (ተሳቢውን የሚስበው መኪና) መሬት የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የአየር ሱስፔንሽን ካለው ካሶኒው መነሳት ሲጀምር አየሩ በራሱ እንዲለቀቅና ተሳቢው ጠንካራ መቀመጫው ላይ እንዲያርፍ የሚያደርግ ቫልቭ ግጠሙ፤ ይህን ለሹፌሩ ትዝታ አትተዉት።

ስለ ፒስተኑም አንድ የተሳሳተ እምነት ልንቀል እፈልጋለሁ። ካሶኒውና ጭነቱ በድምሩ 30 ቶን ቢሆኑና ክብደቱ እኩል ቢሰራጭ፣ ፊት ላይ የቆመው ፒስተን መጀመሪያ ሊያነሳ የሚገባው 15 ቶን ገደማ ነው፤ ፒስተኑ አንዱ ከሌላው ውስጥ እየወጣ የሚዘረጋ የቱቦ እርከኖች ነው፤ ዲያሜትሩ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ እርከን በ150 ባር ግፊት 265 ኪሎ ኒውተን ያህል ስለሚገፋ በቂ ትርፍ አለው። ፒስተኑ እየተዘረጋ ሲሄድ የሚገፉት እርከኖች እየቀጠኑ ይመጣሉ፤ ጉልበታቸውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ችግር የማይፈጥረው ጭነቱም አብሮ እየወረደ ከሆነ ብቻ ነው፤ ስሌታችሁ ውስጥ ጭነቱ ፊት ላይ ተጣብቆ የቀረበትን ሁኔታ ጨምሩ። ከዚህ የሚብሰው ግን አንዳንዶች ፒስተኑን ካሶኒውን ከመጋደል የሚያግድ ምሰሶ አድርገው መቁጠራቸው ነው። ተዘርግቶ የወጣ ፒስተን ወደ ላይ ለመግፋት እንጂ ከጎን የሚመጣ ጫና ለመሸከም አልተሠራም፤ ከታጠፈም ካሶኒውን ይዞት ይወድቃል።

ወደ ብረቱ ስመጣ፣ ዛሬ ጠንካራ ብረት በቀላሉ ይገኛል። 355 ሜጋ ፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ይችል የነበረውን ብረት 700 በሚችል ለውጦ የላሜራውን ውፍረት መቀነስ ያጓጓል፤ የተቆጠበው እያንዳንዱ ኪሎ ግራም በየጉዞው ጭነት ይሆናልና ጉጉቱ ትክክል ነው። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛው፣ ጠንካራው ብረት ከተራው ይበልጥ ግትር አይደለም፤ ሁለቱም በተመሳሳይ ጫና እኩል ይለጠጣሉ። የላሜራን ውፍረት ከ8 ወደ 4 ሚሊ ሜትር ብታወርዱት መታጠፍን የመቋቋም ግትርነቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ጎኑ በጭነት ሲነፋ የኋላ በሩ አልዘጋ ይላል፤ እህሉም በክፍተቱ ይፈስሳል። ቅርጹን በማጠፍና በማጎበጥ ግትርነቱን መልሱለት፤ ወለሉና ጎኑ በክብ መስመር የሚገናኙበት ካሶኒ ጭነት የሚጣበቅበትን ማዕዘንም ስለሚያስቀር ሁለት ጊዜ ይክሳችኋል። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው፤ ግትርነቱም እንዲሁ አንድ ሦስተኛ ነው፤ የብየዳ ሙቀት የነካው ክፍሉም እስከ ግማሽ የሚደርስ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላልና ብየዳውን ጫና ከሚበዛበት ቦታ አርቁት።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፤ በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣን ስንጥቅ በተመለከተ የተበየደ ጠንካራ ብረት ከተበየደ ተራ ብረት የሚሻልበት ነገር እምብዛም የለም። ስንጥቁ የሚጀምረው ከብየዳው ጠርዝ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚወስነው የብየዳው ቅርጽና ቦታ ነው። ብዙ የሠራ ተሳቢ ስታገኙ የሻንሲውን የታችኛውን ክንፍ (የሻንሲውን ብረት ጠፍጣፋ የታች ጠርዝ) በእጅ ባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ፤ ተሻጋሪው ብረት በሚያልቅበት፣ የብየዳው ጫፍ ባለበት፣ በቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቡናማ የዝገት መስመር ታያላችሁ። ያቺ መስመር ስንጥቅ ናት፤ ውሃ ገብቶባት ዝገቷ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። የታችኛው ክንፍ ሲጫን የሚሳበው ክፍል ስለሆነ፣ ቱቦ ወይም ሽቦ ለማንጠልጠል ተብሎ የተበየደ ትንሽ ቁራጭ እንኳ እዚያ ላይ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። በሥዕላችሁ ላይ ብየዳ የተከለከለበትን ቦታ በግልጽ አመልክቱ፤ በያጁ ምክንያቱን ቢያውቅ ያከብረዋል፤ ስለዚህ ሄዳችሁ ንገሩት።

በመጨረሻ ስለ ሰው ልናገር። ካሶኒው ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ የገባ ሰው በሃይድሮሊክ ዘይት ላይ ብቻ ሕይወቱን አሳርፏል፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ካሶኒው ይወርዳል። ስለዚህ የደህንነት ድጋፍ ብረት ከተሳቢው ጋር የተያያዘ፣ አንድ ሰው ከጎን ቆሞ፣ ከካሶኒው ሥር ሳይገባ የሚያቆመው ይሁን፤ ከባድና አስቸጋሪ ከሆነ ማንም አይጠቀምበትም። የኋላ በሩ መክፈቻ ሹፌሩ ከበሩ ፊት ሳይቆም የሚሠራበት ቦታ ላይ ይሁን። የተነሣ ካሶኒ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር ሊገናኝ ስለሚችል፣ ካሶኒው ሳይወርድ ተሳቢው መንቀሳቀስ ከጀመረ ጎታቹ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ማንቂያ አስገቡ። የማጠፊያ ፒኖቹን ቅባት ማስገቢያዎች ደግሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ሻንሲው ጎን አውጧቸው፤ ካሶኒው እንደወረደ፣ ሰው መሬት ላይ ቆሞ ቅባት እንዲሰጣቸው።