ትሮትል ቦዲው ታጥቦ ሚኒሞው 1,800 ላይ ሲዋዥቅ

ጥያቄ፦ መኪናዬ የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1.3 ሊትር ቤንዚን፣ ማኑዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ነው የምነዳት። መብራት ላይ ስቆም ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) በደቂቃ ወደ 500 ዙር እየወረደ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ኤሲ ስከፍት ደግሞ ይጠፋል። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲ ተፈቶ ታጠበ። አሁን መጥፋቱ ቀርቷል፤ ግን ሞተሩ ሲሞቅ 1,800 ይወጣል፣ 1,100 ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። «ትሮትል ቦዲው ላይ ባለችው ቡሎን እናውርደው» ተብያለሁ። ይነካ?

መልስ፦ አይነካ። ያቺ ቡሎን ሚኒሞ ማስተካከያ የነበረችው በካርቡራተር ዘመን ነው። በእርስዎ ሞተር ላይ ሥራዋ አንድ ነው፤ ቢራቢሮዋ (ትሮትል ቦዲው ውስጥ አየሩን የምትከፍተውና የምትዘጋው ክብ ሳህን) ስትዘጋ ከግድግዳው ጋር እንዳትጣበቅ መደገፍ። ጎኗ ላይ ያለው ሴንሰር ቢራቢሮዋ ተዘግታ ሳለ የሚልከውን ቮልት የሞተሩ ኮምፒውተር «እግር ከነዳጅ ላይ ተነስቷል» ብሎ ያነበዋል። ቡሎኗ ብትፈታ ቢራቢሮዋ ትጣበቃለች፤ ብትጠብቅ ደግሞ ንባቡ ከፍ ይላል፣ ኮምፒውተሩም እግርዎ ነዳጅ መስጫው ላይ ያለ ይመስለውና ሚኒሞውን መቆጣጠር ይተዋል። የቡሎኗ የፋብሪካ ቀለም ተሰብሮ ከሆነ ቀድሞ የነካት ሰው አለ ማለት ነው። ያኔ ቢራቢሮዋ ሳትጣበቅ እስከምትዘጋ ድረስ ብቻ መልሰው፣ በተዘጋችበት የሴንሰሩን ቮልት ይለኩ፤ ከ0.3 እስከ 1.0 ቮልት መሆን አለበት።

መዋዠቁ ራሱ ብዙ ይናገራል። ሞተሩ ከሚያስፈልገው በላይ አየር ሲያገኝ ዙሩ ይወጣል። እግር ተነስቶ ዙሩ 1,500 አካባቢ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ቁልቁለት የሚወርዱ መስሎት ነዳጅ ይቆርጣል። ዙሩ ይወድቃል፣ ነዳጁ ይመለሳል፣ አየሩ ግን እዚያው ስላለ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ የሚፈለገው የትርፉ አየር መግቢያ ነው።

ፍለጋውን ከተፈታው ቦታ ይጀምሩ። የትሮትል ቦዲው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ነው ወይስ አሮጌው ተመልሶ ገባ? ትንንሾቹ የቫኩም ጎማዎች ሁሉ ቦታቸው ላይ ናቸው? ከአየር ማጣሪያው ሳጥን የሚመጣውን እጥፍጥፍ ጎማ ማሰሪያውን (ፋሼታውን) ፈትተው ያውጡትና እጥፋቱን በእጅ ለጥጠው ከሥር በኩል ይዩ። ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ ሞተሩ ሲዘም ግን ይከፈታል። አየር መለኪያው ሴንሰር ከዚህ ጎማ በፊት ስለሆነ በስንጥቁ የገባው አየር ሳይቆጠር ያልፋል። ቀጥሎ ሞተሩ እየሠራ የፍሬን ሰርቮውን (የፍሬን ማገዣውን) ጎማ፣ ከዚያም ከክዳኑ የሚመጣውን የዘይት ጭስ ጎማ አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብለው ይጭመቁ። ሲጭመቁት መዋዠቁ የሚቆምበትን አገኙት ማለት ነው። ለመጋጠሚያዎቹ የሳሙና ውሃ በመርጨት ዙሩ ይለወጥ እንደሆን መስማት ይበቃል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን የሚረጭ ሰው ካዩ መኪናዎን ይዘው ይሂዱ።

ብዙ ሰው የሚረሳው የራዲያተሩን ውሃ ነው። በዚህ ትሮትል ቦዲ ውስጥ ውሃ ይዞራል፤ ሲፈታ የፈሰሰው ካልተተካ ውስጡ አየር ይቀራል። የሙቀት ሴንሰሩ በውሃ ፋንታ አየር ሲነካ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም ሚኒሞውን ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ከፍተው ይሙሉ፤ ከዚያ እያሠሩ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ከትሮትል ቦዲው ሥር ያለችውን፣ ቢራቢሮዋ ስትዘጋ ለሚኒሞው አየር የምታሳልፈውን የሚኒሞ ቫልቭ ያውጡ። ሲያጥቡ ከላይ የወረደ ጥላሸት እሷ ላይ ሄዶ ሊያጣብቃት ይችላል። ብሎኖቿ ለስላሳ ናቸው፤ ልክ የሆነ ካቻቪቴ ካልያዙ ራሳቸው ይበላል። የትሮትል ቦዲ ማጽጃ በአየር መንገዷ በኩል እየረጩ ፈሳሹ ጠርቶ እስኪወጣ ያጽዱ፤ የኤሌክትሪክ ጎኗን ግን አያርጥቡ። አዲስ ጓርኒሲዮን አድርገው ይግጠሙ።

ስለ አስተጣጠቡም አንድ ነገር፦ በቢራቢሮዋ ጠርዝ ዙሪያ ያለው ጥቁር ግራጫ ቅብ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። በብዙ ትሮትል ቦዲ ላይ ፋብሪካው ክፍተቱን ለመድፈን የቀባው ነው። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በኃይለኛ የካርቡራተር ማጠቢያ ከተላጠ አየር ለዘለቄታው ያልፋል፤ መድኃኒቱም ሌላ ትሮትል ቦዲ ነው። ማጽጃውን በጨርቅ ላይ ረጭቶ ማበስ ይሻላል። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈቱት አዳዲሶቹ ላይ ደግሞ ቢራቢሮዋን በጣት መግፋት የውስጥ ጥርሷን ሊሰብር ይችላል።

ከዚህ በኋላ ኮምፒውተሩ እንደ አዲስ ይማር። ቆሻሻው ክፍተቱን ሲያጠብ ቫልቭዋን ይበልጥ መክፈት ለምዷል፤ አሁን መንገዱ ቢጸዳም ልማዱ አለ። የባትሪውን ነጌቲቭ ለ10 ደቂቃ ያላቁ። ነዳጅ ሳይነኩ ያስነሱ፤ መብራትና ኤሲ ሳይከፍቱ ፋኑ እስኪዞር ያቆዩት፣ ከዚያ ኤሲ ከፍተው 5 ደቂቃ። 700 አካባቢ ቢረጋ፣ ኤሲ ሲከፈት ትንሽ ከፍ ቢል ደህና ነው። ኒሳን ላይ ይህ ብዙውን ጊዜ አይበቃም፤ በስካነር ማስተማር ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል። ለተመሳሳይ ሚኒሞ ቫልቭዋ የበለጠ መከፈት ስላለባት ትንሽ ጥላሸት እዚህ ቶሎ ይታወቃል። የቫኩም ጌጅ (ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል መለኪያ) የሚጠቀም መካኒክም የጥገና መጽሐፉ ከሚለው ከ18 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ላይ 7 ያህል ይቀንስ፤ አለዚያ ጤነኛ ሞተር ላይ «የሞተሩ ቫልቭ ተቃጥሏል» ይላል።

አሁንም ካልረጋ ስካነር ሰክተው የነዳጅ ማስተካከያውን (ኮምፒውተሩ ነዳጁን በስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳየውን) ያንብቡ። በሚኒሞ ላይ ፕላስ 20 በመቶ፣ በ2,500 ዙር ግን ወደ ዜሮ ከተጠጋ ያላገኙት የአየር ቀዳዳ አለ። በሁለቱም ላይ ከፍተኛ ከሆነ አየር መለኪያውን ሴንሰር ወይም የቤንዚን ፓምፑን ግፊት ይመርምሩ።