መልስ፦ ፖሊመሩ ፒግመንቱን ትቶ ለብቻው የሚቀረው ለምንድን ነው?

ሰላም ወንድሜ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን (ነጩን የቀለም ዱቄት፣ ማለትም ፒግመንቱን) በኢመልሽን ፖሊመራይዜሽን (ፖሊመር ውሃ ውስጥ በሚሠራበት ዘዴ) በፖሊስታይሪን ልትሸፍን ሞክረህ፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ስታየው ፖሊመሩ ለብቻው ትንንሽ ኳሶች ሠርቶ ፒግመንቱ ራቁቱን እንደቀረ ጽፈሃል።

መጀመሪያ የምጠረጥረው ሰርፋክታንቱን (ዘይትና ውሃን የሚያስታርቀውን ሳሙና መሰል ነገር) ነው። ከበዛ ሚሴል (የሰርፋክታንት ሞለኪውሎች ጥቃቅን ስብስብ) ይፈጠራል፤ ፖሊመሩም እዚያው ማደግ ይጀምራል፣ ፒግመንቱን ዞሮም አያየው። ሚሴል ከሚፈጠርበት መጠን በታች ሁን። ሞኖመሩንም (ፖሊመሩ የሚሠራበትን ስታይሪን) በአንዴ አትገልብጠው፤ ቀስ እያልክ አንጠባጥበው።

ደግሞ የፒግመንቱ ገጽ ውሃ ወዳድ ነው፣ ስታይሪን ውሃ ይሸሻል። አስቀድመህ ሜታክሪሌት ባለው ሳይሌን (ገጹን ከፖሊመሩ ጋር በሚያገናኝ የሲሊከን ውህድ) አክመው። ያኔ የፖሊመሩ ሰንሰለት ከገጹ ጋር በኬሚካል ይያያዛል።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን ሚኒኢመልሽን ይሻልሃል። የታከመውን ፒግመንት ስታይሪኑ ውስጥ በደንብ በትነህ፣ ትንሽ ሄክሳዴኬን (ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ዘይት) ጨምረህ፣ ከሰርፋክታንቱ ውሃ ጋር በአልትራሳውንድ ትመታዋለህ። እያንዳንዷ ጠብታ ራሷ ወደ ቅንጣት ትለወጣለች። ሄክሳዴኬኑን እንዳትዘለው! ትንንሾቹ ጠብታዎች ሞኖመራቸውን ለትልልቆቹ እያስረከቡ እንዳይጠፉ የሚያደርገው እሱ ነው።

ውጤቱን በሴንትሪፊዩጅ ፈትሸው። የሩታይል (አንዱ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት) እፍጋት 4.2 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ የፖሊስታይሪን 1.05። ፒግመንቱ ዘቅጦ ላዩ ወተት መስሎ ከቀረ፣ ፒግመንት ያልያዘ ፖሊመር አሁንም አለ ማለት ነው።