«ውስጣዊ ሰላም» ወይስ «የልብ ዕረፍት»?

ጥያቄ፦ በክርስትና እምነቴ ስላገኘሁት መረጋጋት አጭር ምስክርነት ጽፌ ነበር። «በክርስቶስ ውስጣዊ ሰላም አገኘሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያየልኝ አራሚ ሁለት ቦታ ላይ ቀይ አሰመረበት። «ውስጣዊ» ከባዕድ ቋንቋ የተቀዳ ነው አለኝ። «አገኘሁ»ም ስሕተት ነው፤ ሰላም ይሰጣል እንጂ አይገኝም አለኝ። «የአእምሮ ሰላም» ብለው ይሻል ይሆን? ወይስ «ዕረፍት» ልበል?

መልስ፦ ከሁለተኛው እርማት ልጀምር፤ ይበልጥ የሚያናድደኝ እርሱ ነውና። «ሰላም ይሰጣል እንጂ አይገኝም» የሚለው አነጋገር ከስብከት የመጣ ነው። ለስብከት ያምራል፤ ለሰዋስው ግን አይሆንም። የአማርኛው «አገኘ» ፈላጊው መድከሙን አያስረዳም። የተሸለመ ሰው ሽልማት አገኘ ይባላል፤ ይቅር የተባለ ሰው ምሕረት አገኘ ይባላል። «መከራ አገኘው» ሲባልማ ባለቤቱ መከራው ሆኖ ሰውዬው ተሳቢ ነው፤ መከራ ፍለጋ የወጣ የለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 መልአኩ ማርያምን «በእግዚአብሔር ፊት ጸጋ አግኝተሻልና አትፍሪ» ይላታል። ከጸጋ ይልቅ በነጻ የሚሰጥ ነገር ካለ አራሚው ይንገረን። በዮሐንስ 14፥27 «ሰላሜን እሰጣችኋለሁ» መባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰጪው ግስ «ሰጠ» ከሆነ የተቀባዩ ግስ «አገኘ» ቢሆን ምን ያስደንቃል? «አገኘሁ» ባለበት ይቆይ።

«ውስጣዊ» ላይ ነገሩ ይለያል። ቃሉን እኔም አልወደውም። ባዕድ ነው የሚለውን ክስ ግን አልቀበልም። ግእዝ ውሳጤን ያውቃል፣ ውሳጣዊንም ያውቃል፤ «-ኣዊ» ከሰማያዊና ከምድራዊ ጀምሮ የኖረ የቅጽል ማበጃ ነው። ስለዚህ በሥርወ ቃል መንገድ «ውስጣዊ»ን ማባረር አይቻልም። ያም ሆኖ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚሁ ስለ ሰው ውስጥ ሲናገር በዚህ ቅጽል አልተጠቀመም። 2ኛ ቆሮንቶስ 4፥16ን ያንብቡ፦ «የውጭው ሰውነታችን ቢጠፋ እንኳ የውስጡ ሰውነታችን ዕለት ዕለት ይታደሳል»። «ውስጣዊው ሰውነታችን» ቢባል ኖሮ ትርጉሙ አይለወጥም ነበር፤ ጆሮ ግን ይጎረብጠዋል። ለእኔ «ውስጣዊ» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው፦ ውስጣዊ ደንብ፣ ውስጣዊ አሠራር፣ ውስጣዊ ቁጥጥር። ይህ የጣዕም ፍርድ መሆኑን አልክድም፤ ፍርዴን ግን አላነሣም።

ከጣዕም ያለፈ ምክንያትም አለኝ፤ እርሱ ያለው በቅጽሉ ላይ ሳይሆን «ሰላም» በሚለው ስም ውስጥ ነው። ሥሩ ስ-ል-ም ነው፤ ዕብራይስጡም ዐረብኛውም ይጋሩታል። በዕብራይስጥ ከዚሁ ሥር የሚወጡት ቃላት ሙሉ መሆንን፣ ጉድለት ማጣትን፣ ዕዳን ከፍሎ መጨረስን ጭምር ይናገራሉ። በኢሳይያስ 26፥3 ዕብራይስጡ «ሻሎም ሻሎም» ብሎ ቃሉን ይደግመዋል። አማርኛው ድግግሙን አላስቀረም፤ «ፈጽመህ በሰላም ትጠብቃታለህ» አለ። ያ «ፈጽመህ» ሁለተኛው ሻሎም ነው። በቅዳሴው ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት»፣ ስለ ፍጹም ሰላም ጸልዩ፣ ሲልም ያው ፈጸመ አብሮ ይመጣል። አስተውለው እንደ ሆነ ቅጽሉ በአንስታይ ጾታ ነው፤ ፍጹም ሳይሆን ፍጽምት።

ደግሞም ሰላም የአንድ ሰው ብቻ ንብረት ሆኖ አያውቅም። ግሱን በአምስቱ አዕማድ፣ ማለት በአምስቱ የግስ መልኮች፣ ሲያወርዱት ለጆሮ የሚቀርበው እርስ በርስ መደራረግን የሚናገረው ተደራራጊው «ተሳለመ» ነው፤ ያለ ሁለተኛ ወገን አይሆንም። ጳውሎስ በሮሜ 5፥1 የሚናገረው በእግዚአብሔር ዘንድ ስላለ ሰላም ነው፤ በኤፌሶን 2፥14 «እርሱ ሰላማችን ነውና» የሚለው ተለያይተው ስለነበሩ ሁለት ወገኖች ነው። «ውስጣዊ» የሚለው ቅጽል ይህን ሁሉ አንድ ደረት ውስጥ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ምስክርነትዎን ሳነብ የሚሰማኝ ቅሬታ ይህ ነው፤ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅዎን ሊነግሩን ጀምረው የመዝናናት ስሜት የነገሩን ይመስላል።

«የአእምሮ ሰላም» ከዚህም ይብሳል። «አእምሮ» በግእዝ የ«አእመረ» ንዑስ አንቀጽ ነው፤ ማወቅ፣ ዕውቀት ማለት ነው። አማርኛ ቃሉን ከድርጊት ስምነት አውጥቶ የማሰቢያ ክፍል ስም አደረገው። ይሁን፤ ቃላት ይዞራሉ። አሁን ግን ፊልጵስዩስ 4፥7ን ያስታውሱ፦ «አእምሮንም ሁሉ የሚያልፍ የእግዚአብሔር ሰላም ልባችሁንና አሳባችሁን በክርስቶስ ኢየሱስ ይጠብቃል»። ጥቅሱ ሰላሙን ከአእምሮ በላይ ያደርገዋል፤ እኛ በአገናዛቢው «የ» የአእምሮ ንብረት እናደርገዋለን። «ይጠብቃል» ለሚለው የቆመው የግሪክ ግስም የወታደር ቃል ነው፤ ከተማን በጭፍራ መጠበቅን ያመለክታል። ጠባቂው ሰላሙ ነው፤ የሚጠበቀው ልብ ነው። «የአእምሮ ሰላም» ግን ዘበኛውን የቤቱ ዕቃ አድርጎ ይቆጥረዋል።

«ልብ የስሜት፣ አእምሮ የሐሳብ ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ክፍፍል የእኛ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ «ልብ ገዛ» የሚባለው ወደ ማስተዋል የመጣ ሰው ነው፤ ልቡናም ከግእዙ ለበወ፣ ማለት ከአስተዋለ የወጣ ነው። ካህኑ በቅዳሴ «አልዕሉ አልባቢክሙ»፣ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ሲል ስሜታችሁን ቀስቅሱ አላለም። ማሰቡም መጨነቁም መረጋጋቱም በልብ ከሆነ «የልብ ሰላም» ሙሉውን ሰው ያነሣል። ክርስቶስም ሰላሜን እሰጣችኋለሁ ካለ በኋላ «ልባችሁ አይታወክ» አለ እንጂ ስለ አእምሮ አልተናገረም።

የእኔ ምርጫ ግን «ዕረፍት» ነው። አንድ ወገን ቃሉ ሞትን ያስታውሳል ብሎ ይሸሸዋል፤ የሞተ ሰው ዐረፈ ይባላልና። እንግዲያስ መዝሙረኛውን እንስማው፦ «ተመየጢ ነፍስየ ውስተ ዕረፍትኪ»፣ ነፍሴ ሆይ፥ ወደ ዕረፍትሽ ተመለሺ። በግእዙ ቁጥር መዝሙር 114፣ በሌላው 116 ነው። ጥቂት ወረድ ሲል ይኸው ሰው «በሕያዋን አገር በእግዚአብሔር ፊት እሄዳለሁ» ይላል። ስለዚህ ዕረፍቱ የሕያው ሰው ነው። በማቴዎስ 11 «ለነፍሳችሁም ዕረፍት ታገኛላችሁ» የተባለውም ቀንበር እንዲሸከሙ ለተጋበዙ ሰዎች ነው፤ ሙት ቀንበር አይሸከምም። (ግሱንም ልብ ይበሉ፤ «ታገኛላችሁ» ነው። አራሚው ይህን ምዕራፍ ሳያነብ አልቀረም ብዬ ላምን እሞክራለሁ።) ነገር የሚያርፍበትን ቦታ «ዓረፍተ ነገር» ያሰኘውም ይኸው ሥር ነው፤ ዐረፍት በግእዝ ግድግዳ ማለትም ነው ብለው ወደዚያ የሚስቡት አሉ፤ እኔ ግን ከማረፍ አልወጣም።

ይህን ሁሉ ብዬ ሳበቃ አንድ ነገር ማመን ይኖርብኛል። «ውስጣዊ ሰላም» ዛሬ በመዝሙሩም በስብከቱም በመጽሐፉም አለ፤ «የአእምሮ ሰላም ነሣኝ» የማይል ሰው ማግኘት ይቸግራል። አንባቢ ይረዳቸዋል፤ የተረዳውን ሁሉ ስሕተት ነው ብሎ መዝጋትም አይቻልም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎ እንዳለ ቢታተም ሰዋስው አይፈርድብዎትም። ከጠየቁኝ ግን «በክርስቶስ የልብ ዕረፍት አገኘሁ» ብዬ እጽፋለሁ።

«ዕረፍት» በዐይኑ ዐ ነው፤ ግእዙ አዕረፈ ነውና። የዛሬ ጆሮ አልፋውን ከዐይኑ አይለይም፤ ከጋዜጦችም «እረፍት» ብሎ መጻፍን ልማድ ያደረጉ ብዙ ናቸው፤ ልከለክላቸው አልችልም። እርስዎም በደብዳቤዎ «እረፍት» ብለው ነበር፤ እዚህ ስናትመው ሳላስፈቅድዎ አስተካክዬዋለሁ።