«ተመስገን፣ ደህና ነኝ»፦ ከካንሰር ሕክምና በኋላ ስላለው ቀጠሮ የጠየቃችሁኝ

ስለ ጡት ካንሰር ምርመራ ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ምርመራ አይደሉም። የጻፉልኝ ኬሞውንም ጨረሩንም ጨርሰው «አሁንስ?» የሚሉ ሰዎች ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

አንዲት እህት ለክትትል ስትሄድ ጾሟን መሆን እንዳለባት ትጠይቃለች። ሐኪም ሊያይሽ ብቻ ከሆነ ቁርስሽን በልተሽ ሂጂ። የሆድ አልትራሳውንድ ወይም የስኳር ምርመራ ከታዘዘልሽ ግን በባዶ ሆድ ነውና ወረቀቱን ስትቀበዪ ጠይቂ።

ከሜክሲኮ አካባቢ የጻፉት አባወራ ቅር ብሏቸዋል። ባለቤታቸው የጡት ካንሰር ሕክምናቸውን ከጨረሱ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። «ገንዘቡን እኛው እንከፍላለን፣ ሙሉ ሰውነቷ በሲቲ ስካን ይታይ ብንል ሐኪሙ አያስፈልግም አለን። ቸል ብሎን ይሆን?» ይላሉ።

ሐኪሙ ቸል አላላችሁም ጌታዬ። ምንም ምልክት ለሌላት የጡት ካንሰር ታካሚ የተለመደው ክትትል በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ከ3 እስከ 6 ወር፣ በ4ኛውና በ5ኛው ዓመት ከ6 እስከ 12 ወር እየቆዩ በሐኪም መታየት ነው። ከዚያ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ይሆናል። ማሞግራም የሚባለው የጡት ራጅ ደግሞ በየዓመቱ ይነሳል። ምልክት ሳይኖር ሲቲ ስካን፣ የአጥንት ስካንና የካንሰር ጠቋሚ የደም ምርመራ መደጋገም ዕድሜ እንደማያራዝም በጥናት ታይቷል። የሚያመጣው ምንነቱ ያልታወቀ ጥላ በታየ ቁጥር ሌላ ምርመራ፣ ሌላ ወጪና እንቅልፍ ማጣት ነው። የጎረቤታችሁ ሰው በየጊዜው ሲቲ ይነሳል ብላችሁ አታወዳድሩ፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታክሞ ከሆነ እዚያ ሲቲውም፣ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራም የክትትሉ አካል ናቸው። ገንዘቡን ለማሞግራሙ ያስቀምጡት።

ከፒያሳ የጻፈችው ወጣት ተናዳለች። በየሦስት ወሩ ከማለዳ ጀምሮ ወረፋ ትይዛለች። ተራዋ ሲደርስ ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ይላታል፣ አንገቷንና ብብቷን ይዳስሳል፣ ካርዷ ላይ ይጽፋል፣ በቃ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። «ደህና ከሆንኩ ለምን እመላለሳለሁ?» ትላለች።

እህቴ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ያቺ «እንዴት ነሽ?» ሰላምታ አይደለችም። እኛ አገር እንዴት ነሽ የተባለ ሰው «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሐዘን ላይ የተቀመጠ እንኳ እንዲሁ ነው የሚመልሰው። ምስጋናው መልካም ነው። ሐኪም ፊት ግን ከምርመራው ትልቁ ክፍል ያቺ ጥያቄ ናት። ካንሰር ከተመለሰ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሰማው ለታካሚው ነው፣ ያውም በሁለት ቀጠሮዎች መካከል።

ታላቅ እህቴን አጅቤ የሄድኩበትን ቀን ልንገርሽ። የጡት ካንሰር ታክማ ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። አግዳሚው ወንበር ላይ ተራ ስንጠብቅ እጇን ወደ ኋላ መልሳ ወገቧን በመዳፏ ታሸዋለች። ከሁለት ወር በላይ ሕመሙ ሌሊት ሌሊት ይቀሰቅሳት ነበር፤ ጀርባዋን በትራስ ደግፌ ነበር የማስተኛት። ገባን። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» አላት። ነጠላዋን አስተካከለችና «ተመስገን፣ ደህና ነኝ ዶክተር» አለች። ትራሱን በየማታው የማቀርብላት እኔም አጠገቧ ሆኜ ዝም አልኩ። እሷ ያላለችውን እኔ መናገር ነውር መሰለኝ። ለሦስት ወር ተቀጠረች። በሚቀጥለው ቀጠሮ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የገባችው። ካንሰሩ አከርካሪዋ ላይ ነበር።

ያን ቀን ብንናገር ትድን ነበር አልልም፤ አጥንት የገባ የጡት ካንሰር በሕክምና ይገታል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ግን ጨረሩ ቀድሞ ቢደርስላት ሕመሙ ይቀልላት፣ ምናልባትም በእግሯ ትሄድ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከቀጠሮሽ በፊት ባለው ማታ ቁጭ ብለሽ ጻፊ፦ አዲስ እብጠት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አዲስ ራስ ምታት፣ ያለ ምክንያት መክሳት። «ደህና ነኝ» ከማለትሽ በፊት ወረቀቱን አንብቢለት። ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ደስ ይበልሽ፣ መዳሰሱ ግን አይቅር። እግርሽ ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ሦስት ወንድማማቾች ከልደታ በጋራ ጽፈውልኛል። እናትየዋ የጡት ካንሰር እንደነበረባቸው ራሳቸው አያውቁም፤ ልጆቹ «እጢ ነው፣ ወጥቷል» ብለዋቸዋል። ካንሰሩ እንዳይመለስ በየቀኑ የሚውጡትን ታሞክሲፈን የሚባል ክኒንም ቫይታሚን ነው ብለዋቸዋል። ለክትትል ሲወስዷቸው ሐኪሙ ቃሉን እንዳያነሳ እንዴት እናስጠንቅቀው ነው ጥያቄያቸው።

አታስጠንቅቁት። ፍቅራችሁን አልጠራጠርም፤ ነቀርሳ የሚለውን ስም የምንፈራ ሰዎች ነን። ነገር ግን ሰው ሲሻለው ቫይታሚን ይተዋል፤ ታሞክሲፈን ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት ነው የሚወሰደው። ደግሞስ በምን ምክንያት ነው እናታችሁ ብብታቸው ውስጥ የዳሰሷትን ፍሬ ለሐኪም የሚናገሩት? ያው እጢ ወጥቷል ተብለዋል። ወረፋ ላይ ከሴቶች ጋር ሲጫወቱ ሰምተው፣ እናንተ እንዳትደነግጡ ብለው ዝም ብለውም ይሆናል። አንዳችሁ ከእሳቸው ጋር ለብቻችሁ ሆናችሁ «እማዬ፣ ስለ ሕመምሽ ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ?» በሏቸው። ለመንገር ከከበዳችሁ ሐኪሙ እናንተ ባላችሁበት ይንገራቸው፤ የነፍስ አባታቸውም አብረው ቢሆኑ መልካም ነው። ቀጣዩ ቀጠሮ ሳይደርስ አድርጉት።

የ58 ዓመት እናት፣ የወር አበባቸው ካቆመ ዓመታት ያለፋቸው፣ ታሞክሲፈን እየወሰዱ ሳለ ደም ጠብ ብሎባቸው ቀጠሮዬን ልጠብቅ ወይ ይላሉ። አይጠብቁ እማማ። በዚህ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ይዩ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ግን መድኃኒቱ አልፎ አልፎ የማህፀን ካንሰር ስለሚያመጣ ሳይታይ መታለፍ የለበትም። ጠብታው አንዴ መጥቶ ቢቀርም ይሂዱ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቁሙ፤ ታሞክሲፈን እንደሚወስዱም ለሐኪሙ መጀመሪያ ይንገሩ።

ሕክምናው ካለቀ የባዮፕሲውን (ከእጢው ተቆርጦ የተመረመረውን ናሙና) ወረቀት ልጣለው ወይ ላልከኝ፦ አትጣል! የፓቶሎጂ ውጤቱን (የናሙናውን ምርመራ መልስ)፣ የኬሞዎቹን ስምና ስንት ዙር እንደወሰድክ፣ ጨረሩ የት እንዳረፈ የሚናገረውን ሁሉ በአንድ ፋይል አኑር፣ በስልክህም ፎቶ አንሳው። ልብን ሊጎዳ የሚችለውን ቀይ ቀለም ያለውን ዶክሶሩቢሲን የሚባል ኬሞ የወሰደ ሰው ከዓመታት በኋላ ልቡን ቢያመው ሐኪሙ ምን ያህል እንደወሰደ መጠየቁ አይቀርም።

ከለገሀር የጻፈው ወንድሜ የቀጠሮ ወረቀቱ 8፡30 ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነው ወይስ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ጠዋት 2፡30? እኔም አላውቅምና ለካርድ ክፍሉ ደውል። ቀኑም በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ በዚያው ጠይቃቸው።