ከጀጎል ውጭ የሚሠራ ቤት ስንት ሜትር ቢሆን ነው የማይጎዳው?

ግንባታ በመልክዓ ምድር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመገምገም ሙያ አዲስ ለሆናችሁ ልጆቼ፣

ከእናንተ አንዱ «በተጠበቀው ገጠር ላይ የሚሠራ ቤት ከፍታው ስንት ሜትር ቢሆን ነው መልክዓ ምድሩን የማይጎዳው?» ብሎ ጠየቀኝ። በጀጎል፣ ማለትም በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ዙሪያ የሚቆጨኝም ይኸው ነው፤ ቁጥር ይወሰናል፣ ቁጥሩም ይከበራል፣ ኮረብታው ግን ተገምሶ ይቀራል።

እስቲ ማስመሪያ ከዓይናችሁ 60 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙ። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ የ10 ሜትር ቤት ማስመሪያው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ነው። 300 ሜትር የሚሄድ የቤት ረድፍ ግን 18 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ፎቅ ብታስቀንሱ የምታተርፉት 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ቁፋሮው ደግሞ አለ። ተዳፋቱ 20 በመቶ ከሆነ፣ 12 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ ሲደለደል በላይኛውና በታችኛው ጠርዝ መካከል የ2.4 ሜትር ልዩነት አለ። ግማሹን ቆርጦ ግማሹን በድጋፍ ግንብ መሙላት ይቻላል፤ ሥራ ተቋራጩ ግን ቀላሉን ይመርጣል፣ ቆርጦ አፈሩን ቁልቁል ይደፋዋል። ዝናብ ሲመጣ ያ አፈር የገበሬውን እርከን ይዞት ይወርዳል። የተቆረጠው ፊት ደግሞ ከቤቱ ይልቅ ከሩቅ ይታያል። መንገዱ ይብሳል። 25 በመቶ ተዳፋት ላይ 30 ሜትር ለመውጣት አግድም ርቀቱ 120 ሜትር ነው፤ የ10 በመቶ መንገድ ግን ተጠማዞ 300 ሜትር ይፈጃል። ፕላኑ ላይ መንገዱ ካልተሳለ የግምገማ ሪፖርቱን አትፈርሙ።

ፎቶ ላይ ዘመኑ አበላሽቷችኋል። ድሮን 60 ሜትር ላይ ሰቅላችሁ ታነሳላችሁ፤ እዚያ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ሰው የሚያየው ከሐኪም ተራራ ነው፣ ከግንቡ በሮች በአርጎብ በሪ ወይም በሱቁታት በሪ ሲወጣ ነው፣ ከማሳው ነው። ካሜራው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ በሙሉ ፍሬም ካሜራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተጠቀሙ። የስልክ ሰፊ ሌንስ ኮረብታውን ያርቀዋል፣ ቤቱንም ያሳንሰዋል፤ ባለሀብቱም ይህንኑ ነው የሚወደው።

ወቅቱንም አስቡ። መስከረም ላይ ማሽላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከጀርባው ያለ ባለ አንድ ወለል ቤት ላይታይ ይችላል። ታኅሣሥ ላይ ማሽላው ታጭዶ ሜዳው ሲገለጥ ያው ቤት ወለል ብሎ ይታያል። የመስከረም ፎቶ ብቻ ያለበት ሪፖርት ግማሽ ነው። ጫቱ ቅጠሉን ስለማያራግፍ እሱን በሌላ ዓይን እዩት።

ኮምፒውተሩን ተዉት ማለቴ አይደለም። የእይታ ቀጣናውን፣ ማለትም ቤቱ ከየት ከየት እንደሚታይ የሚያሳየውን፣ ካርታ ሳትሠሩ የማያ ነጥብ ብትመርጡ የምታውቁትን ቦታ ብቻ ታያላችሁ። ግን በየ30 ሜትሩ አንድ ከፍታ ብቻ የሚይዝ የኮምፒውተር ዳታ ትንሽ ጉብታ ይውጣል። ስለዚህ በታቀደው የጣሪያ ቁመት ልክ ረጅም እንጨት ትከሉ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፣ ከዚያ ከየነጥቡ ሄዳችሁ እዩ።

ማንም የማያየው ቦታ ነው ተብሎም ነፃ አይባልም። በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ከግንቡ ውጭ ካለው ማሳ ጋር ነው ከተማ የሚመስለው፤ የፈረሰ እርከን ባይታይም ጉዳት ነው። ጅቡም ከኮረብታ ወደ ግንቡ የሚመላለስበት መንገድ አለው፤ አጥር ስትፈቅዱ ጠይቁለት።

«ዛፍ ይተከላል» የሚለውን መልስ በዋዛ አትቀበሉ። ግንባታው ያለቀ ዕለትና ከ15 ዓመት በኋላ የሚታየውን በሥዕል ለየብቻ አሠሯቸው። ባህር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ግን ኮረብታው ላይ ያልነበረ ጥቁር መስመር ያሰምራል። ቆርቆሮው የማያብረቀርቅና አፈር የሚመስል ቀለም ይቀባ፤ አዲስ ነጭ ቆርቆሮ ፀሐይ ዝቅ ስትል ዓይን ይወጋል።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ገበሬው የኮምፒውተር ሥዕል አይቶ ከሚናገረው፣ ቀዩን ጨርቅ ከማሳው ሆኖ አይቶ የሚናገረው ይበልጣል። አስተያየቱ ተሰብስቦ እስኪያልቅ እንጨቶቹን አትንቀሉ።