ፓይንፎን ከመሸጥህ በፊት ሞደሙን አጽዳ

«ፓይንፎኔ ላይ ሞቢያን ነው ያለው፤ ልሸጠው ፈልጌ ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የሚል አጣሁ» ላልከው ወንድሜ፦ አትፈልገው፣ የለም። ፓይንፎን በሊኑክስ የሚሠራ ስልክ ነው፣ ሞቢያንም ከሚጫኑበት የሊኑክስ ሲስተሞች አንዱ፤ እንደ አንድሮይድ በአንድ ቁልፍ የሚጸዳ ስልክ አይደለም። በእጅህ ነው የምታጸዳው፤ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ወሳኝ ነው።

1. ከሞደሙ ጀምር። ሰው ሁሉ ዲስኩን (የስልኩን የውስጥ ማከማቻ) ብቻ አጽድቶ የሚሸጠው ነገር በጣም ያናድደኛል። ውስጡ ያለው የኩዌክቴል ኢጂ25-ጂ ሞደም፣ ማለትም ስልኩን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ የራሱ ሊኑክስና የራሱ ሚሞሪ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዲስኩን አሥር ጊዜ ብታጠፋው እሱን አይነካውም። የተቀበልካቸው መልዕክቶች ሲም ላይ ሳይሆን እዚያ ተቀምጠው ሊቀሩ ይችላሉ፤ የባንክ ኮድም ጭምር። ስለዚህ ሲስተሙ ገና እየሠራ ሳለ ተርሚናል ከፍተህ በሞደም ማኔጀር (ሞደሙን በሚቆጣጠረው ፕሮግራም) መልዕክቶቹን ዘርዝርና አንድ በአንድ ሰርዝ። ስልኩን አጥፍተህ አብራና ዝርዝሩ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ሲሙን ቀድመህ እንዳታወጣ! ሲም ከሌለ ሞደም ማኔጀር ሥራ ስለሚያቆም ምንም አያሳይህም።

2. ዲስኩ። ብዙ ሰው ጃምፕድራይቭን (የስልኩን ዲስክ ላፕቶፕ ላይ እንደ ፍላሽ የሚያሳይ ፕሮግራም) ጭኖ፣ ስልኩን በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ ፎርማት ያደርጋል። አዲስ ሲስተም ለመጻፍ ጥሩ ነው፣ ለማጽዳት ግን አይበቃም። ኢኤምኤምሲው (የዲስኩ ቺፕ) የሚጻፍበትን ቦታ በራሱ ስለሚያቀያይር፣ ከላዩ ዜሮ ብትጽፍበትም አሮጌ መረጃ ሊተርፍ ይችላል። የተሻለው ሞቢያንን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጽፈህ ስልኩን ከካርዱ ማስነሳት ነው፤ ፓይንፎን ካርድ ካለ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። ከዚያ ብሎክ ዲስካርድ (blkdiscard) የሚባለውን የማጥፊያ ትዕዛዝ «ሴኪዩር» ከሚለው አማራጭ ጋር በውስጠኛው ዲስክ ላይ አሂድ። እምቢ ካለህ ያለ አማራጩ አሂደውና ዲስኩን ሙሉውን በዜሮ ሙላው።

ዲስኩን አትሳሳት። ካርዱ ስሙ በ0 ያልቃል፣ ውስጠኛው በ2። መጠኑንም ተመልከት፤ 32 ጊጋ የተባለው 29 ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው። ሞቢያንን ስትጭን ዲስኩን ኢንክሪፕት አድርገኸው (በይለፍ ቃል ቆልፈኸው) ከነበረ እሰየው፤ ቁልፉ የተቀመጠበትን የተቆለፈውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍል) መጀመሪያ 16 ሜጋባይት ካጠፋህ የቀረው ማንም የማይፈታው ነገር ይሆናል። የፓርቲሽኑን ነው ያልኩህ፣ የዲስኩን መጀመሪያ አይደለም።

3. ባዶውን አትሽጥ። ሲስተም የሌለው ፓይንፎን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ስለሚቀር ገዢው ሞቷል ይላል፣ ጥገና ቤት ቢወስደውም ቦርዱ ተቃጥሏል ሊሉት ይችላሉ። አዲስ ሞቢያን ጫንና አንዴ አስነሳው፤ የራስህን ዋይፋይ ግን አታስገባ። መክፈቻው 1234 መሆኑን ለገዢው ጻፍለት። በሞቢያን ፈንታ ሌላውን የሊኑክስ ሲስተም፣ ፖስትማርኬትኦኤስን፣ ከመረጥክ 147147 ነው። ሚሞሪ ካርድህን አውጣ፤ ረስተኸው ከሄደ ስልኩ የሚነሳው ከእሱ ነው።

የጀርባውን ከቨር ስትከፍት ስድስቱን ትንንሽ ስዊቾች እያቸው፦ ሞደም፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ፣ ማይክ፣ የኋላ ካሜራ፣ የፊት ካሜራ፣ ጆሮ ማዳመጫ። ሁሉም «ኦን» ላይ መሆን አለባቸው። በተለይ ስድስተኛው ከጠፋ የጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ሲሪያል መስመር (ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ወደሚያነጋግር መስመር) ስለሚቀየር ድምፅ አይወጣም፤ ተበላሽቷል ተብሎ ዋጋ የሚቆረጥበት ይህ ነው። ባትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተህ አሽከርክረው፤ ከዞረ አብጧል ማለት ነው፣ እሱን አትሽጥ። የሳምሰንግ ጄ7 ባትሪ ልክ ስለሆነ መቀየር ቀላል ነው።

ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም ማስታወቂያው ላይ አስገባ። 1.1 ወይም 1.2 ከሆነ፣ ካልተጠገነ በቀር፣ በዶክ (ስልኩን ከትልቅ ስክሪን ጋር በሚያገናኝ መሣሪያ) ስክሪን ላይ አይሠራም፤ 1.2a ላይ ነው የተስተካከለው። ባለ 3 ጊጋ ራሙ አዲሱ ሲወጣ 199 ዶላር ነበር፤ ከዚያ በታች ተነሳ። «እንደ አንድሮይድ ይሠራል» ብለህ ግን አትጻፍ። እንዲህ እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው ገዢውን ያሸሹብን። ገዢህ ኢትዮጵያ ካለ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ቴሌብር ነው፤ አፑ ለአንድሮይድና ለአይፎን የተሠራ መሆኑን ንገረውና በራሱ ሲም *127# ደውሎ ይሞክር፣ ከዚያ ይክፈል። የአይኤምኢአይ ቁጥሩንም ለገዢው ብቻ ስጥ፣ ፎቶው ላይ እንዳይታይ።

በፖስታ ከላክኸው ባትሪውን ግማሽ ያህል ቻርጅ አድርገህ ስልኩን አጥፋና የባትሪው መነካኪያ ላይ ስስ ፕላስቲክ አድርግበት። ፕላስቲኩን ሳያነሳ እንደማይበራ ለገዢው ንገረው።