በትንፋሽ ዳሳሽ ላይ ሞገዱ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ እንደ ጣት በተጠላለፉ የመዳብ ኤሌክትሮዶች ላይ ግራፊን ኦክሳይድ (ኦክስጅን የተያያዘበት እጅግ ስስ የካርቦን ንጣፍ) አንጠባጥቤ የእርጥበት ዳሳሽ ሠራሁ። በአርዱዊኖ (ፕሮግራም በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) 5 ቮልት ዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ፣ ነው የማነበው። ጭምብል ውስጥ ሳስገባው የመጀመሪያዎቹ ትንፋሾች ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መስመሩ ወደ ላይ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ዳሳሹ እርጥበትን የመለየት አቅሙ ደካማ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀባሁት፤ ይባስ አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ያባሰው መደራረቡ ነው። ከአፍንጫ የሚወጣው አየር በ34 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በውሃ ትነት ሊጠግብ ምንም አይቀረው፤ እሱን ለማየት የረቀቀ ዳሳሽ አያስፈልግም። የሚከብደው መድረቁ ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሳለ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ አንዱ ዙር ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ንጣፉ በዚያች ጊዜ የጠጣውን ውሃ ካልለቀቀ ቀጣዩ ትንፋሽ እርጥብ ላይ ይደርሳል። ውሃ ሰርጎ የሚወጣበት ጊዜ ደግሞ በውፍረቱ ስኩዌር ልክ ያድጋል፤ ውፍረቱ ሦስት እጥፍ ከሆነ ጊዜው ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል።

ስለዚህ የግራፊን ኦክሳይዱን ፈሳሽ ድብልቅ በሚሊ ሊትር 0.2 ሚሊ ግራም እስኪሆን አቅጥነው 2 ማይክሮ ሊትር ብቻ ያንጠባጥቡ። ሲያደርቁ ከ60 ዲግሪ አያሳልፉት፤ ከመጠን በላይ ከጋለ ውሃን የሚስቡትን የኦክስጅን ቡድኖች ያጣል።

ዲሲውንም ይተዉት። ንጣፉ ሲርስ ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው የሚሸከሙት ፕሮቶኖች ናቸው፤ ቮልቴጁ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ አዮኖቹ በአንዱ ጎን ይከማቹና ንባቡ ይንሸራተታል። መዳቡም ይሟሟል፤ ውሎ አድሮ ከአንዱ ጣት ወደ ሌላው ቀጭን የመዳብ ክር አብቅሎ ሾርት ያደርጋል። በወርቅ የተለበጠ ሰሌዳ ይጠቀሙ። ዳሳሹንና አንድ ቋሚ ሬዚስተር በተከታታይ አያይዘው በአርዱዊኖው ሁለት ዲጂታል ፒኖች መካከል ያስሩ፤ ንባቡን ሁለቱ ከሚገናኙበት ነጥብ ይውሰዱ፤ የፒኖቹን ዋልታ በእያንዳንዱ ንባብ ያገለባብጡ። የዳሳሹ ሬዚስታንስ ሜጋ ኦም ስለሚደርስ፣ አርዱዊኖ ደግሞ ከ10 ኪሎ ኦም ያልበለጠ ምንጭ ስለሚፈልግ፣ በነጥቡና በማንበቢያው ፒን መካከል የኦፕ-አምፕ በፈር (ቮልቴጁን ሳይቀይር የሚያስተላልፍ ማጉያ) ካልገባ ቁጥሩ አይታመንም።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ዳሳሹን ከአፍንጫ ቀዳዳ ፊት ለፊት አያድርጉት፤ የውሃ ጠብታ ይቋጥርበታል። ወደ ጎን ፈቀቅ አድርገው ከአጠገቡ ጭምብሉን ይብሱት፤ ሲተነፍሱ የሚገባው ደረቅ የክፍሉ አየር በላዩ ማለፍ አለበት። ከፊቱ ቀጭን የቴፍሎን ማጣሪያ ያድርጉ፣ የተላቀቀ ቅንጣት ወደ ሳንባ እንዳይገባ። ይህ እንደ አማራጭ የሚታይ አይደለም።

በፕሮግራሙ ቋሚ ወሰን አያስቀምጡ። በሰከንድ 20 ጊዜ ያንብቡ፤ ከእያንዳንዱ ንባብ ያለፉትን 30 ሰከንዶች አማካይ ቀንሰው ጫፎቹን ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን ያሳየኛል?

መልስ፦ በአዋቂ ሰው መቋረጥ የሚባለው ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ ነው፤ ዳሳሹ ያን ያህል ጊዜ ዝም ማለቱን ያሳያል። ግን ጭምብሉ ቢንሸራተትም፣ የተኛው ሰው ከአፍንጫ ወደ አፍ ቢዞርም መስመሩ ያው ጠፍጣፋ ነው። ለመለየት የደረት እንቅስቃሴንና የደም ኦክስጅንን አብሮ መለካት ያስፈልጋል፤ ምርመራውም የሐኪም ነው።